ሞተሩን አይቼ ልምጣ

ፓርቲክ፣ ግላስጎው
ሴፕቴምበር 20 ቀን 1964

ለዓይኔ ብርሃን ለሞራግ፣

የካናዳ ብርድ ሳይጠና ይህች ወረቀት ትድረስሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ትናንት «ሌዲ ሮዋን» የመጨረሻ ጉዞዋን ሄደች። ለቁርጥራጭ ብረት ሸጠዋታል። ያቺ በሁለት ጎኗ መንኮራኩር ባሕሩን እየቀዘፈች ለዕረፍት ሮትሴ የምታደርሰን መርከብ! አኮርዲዮኑ፣ ነፋስ የወሰደው የአክስትሽ ኮፍያ፣ አንቺ የሐምሌ ዕረፍት ሲደርስ አዲስ ጫማሽን ታቅፈሽ የምታድሪው፣ ሁሉም ትዝ አለኝና አለቀስኩ።

የሰዉን ወግ አትረሺውም፤ መርከብ ላይ ወንድ «ሞተሩን አይቼ ልምጣ» ካለ ሊጠጣ ወረደ ማለት ነው። አባትሽም ገና ገመዱ ሳይፈታ «ሞተሩን አይቼ ልምጣ» ይል ነበር። ፊቱ ቀልቶ ሲመለስ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። አፉን ማን አሸተተ? አንቺ የሄድሽ ዕለት በእሷው ስንሸኝሽም ያንኑ ብሎ ወረደ። ግሪኖክ ወደብ ላይ የካናዳው ትልቅ መርከብ እየጠበቀሽ፣ «ልጅህን ሳትሰናበት?» ብዬ ብጣራ አልወጣም። «ይጠጣ፣ ደስ ይበለው» ብለሽ ሄድሽ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ በደብዳቤሽ ስሙን አንስተሽ አታውቂም።

ትናንት የሞተር ኃላፊውን ሽማግሌ ኮሊንን አገኘሁትና «መጠጥ ቤታችሁ ሲዘጋ ባሌን ምን ሊውጠው ነው?» ብዬ ቀለድኩ።

«ምን መጠጥ ቤት? በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሞተሩን ልይ ብሎ ሞተሩን ያየ ወንድ የእርስዎ ባል ብቻ ነው! ሙቀቱ ፊቱን እስኪያቀላው ቆሞ ያያል። ‹ልብስ ሰፊ ከሞተር ምን አገናኘው ብለው እንዳይስቁብኝ፣ ለማንም እንዳትነግር› ይለኝ ነበር።»

«ልጃችን የሄደች ዕለትስ?» አልኩት።

 «ያን ቀን እንኳ ሞተሩን አላየም» አለኝ። «የዘይት ጨርቄን አፉ ላይ ይዞ ሲያለቅስ ነበር። ‹በእናትህ፣ መርከቧን ትንሽ ቀስ አድርጋት› ብሎ ለመነኝ። ቀስ አደረግኋት። ካፒቴኑ ከላይ ሲሰድበኝ ዋለ።»

ትዝ ይልሻል፣ ሞራግ? «ምን ሆና ነው የምትጎተተው?» እያልሽ ሰዓትሽን አሥሬ ስታዪ? ሃያ ደቂቃ ዘገየን። የአባትሽ ሃያ ደቂቃ ነበረች።

ይህን መጻፌን አያውቅም። ማታ መርከቧ መሸጧን ስነግረው መርፌውን ሳያቆም «መጠጧም ውድ ነበር» አለኝ። ውሸታም!

እግርሽ የረገጠው ይለምልም፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ግን ለእሱ አንዲት መስመር ጻፊለት። «ሞተሩ እንዴት ነበር?» ብቻ በዪው። ይገባዋል።

እናትሽ ኤልስፔት