በነጠላ የታሰርንበት ሳምንት

ሰኞ

"መጽሐፉ ተሳስቷል" አለ። መልሱ ከጀርባ ታትሞ፣ በጣቱ እየነካው፣ "መጽሐፉ ተሳስቷል!" እኛስ? ሦስታችንም አንገታችንን ደፍተን "ልክ ነዎት ጋሽ ታደለ"። እኔ ደግሞ ትክክለኛ መልሴን ሰርዤ የሱን ጻፍኩ። እጄን ይቁረጠው።

ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ደብተሬ ላይ ግን አንቱታ የለም። እዚህ "እሱ" ነው።

የምናጠናው ኦክላንድ፣ የእሱ ሳሎን ውስጥ ነው። ጋሽ ታደለ አዲስ አበባ ዳኛ ነበር፤ እዚህ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፤ ሃምሳውን አጋምሶ "ሎው ስኩል እገባለሁ" ብሎ ተነስቷል። ልጁ ሄለን ሳን ሆዜ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሱ በእንግሊዝኛ ነው። ዮናስ በዲቪ የመጣ፣ ሴኩሪቲ የሚሠራ፣ ክርክር ሲመጣ ሽንት ቤት የሚያስታውሰው ልጅ። አራተኛዋ እኔ። አራታችንም የምንወስደው የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ቅዳሜ ነው። ባለፈው ያመጣሁት ውጤት የትም አላስገባኝም። ዘንድሮም ከከሸፈ የምሠራበት ፋርማሲ ካውንተር ላይ መሸበቴ ነው።

የጥናቱ ስልት ደግሞ! ሁለት ሰው በመልስ ካልተስማማ የሚስቱን ነጠላ ያስመጣና የአንዱን እጅ ከሌላው እጅ ያስራል። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ታስረው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት፤ ቁራኛ ይባላል። ከዚያ "በላ ልበልሃ!" ብሎ ያፋጥጣል። አንዱ "ተረታሁ" እስኪል ፍቺ የለም።

ዛሬ የታሰሩት ዮናስና ሄለን ነበሩ። ዮናስ ትክክል ነበር፤ ግን ተንተባተበ። ጋሽ ታደለ "አንተ እንኳን ጠበቃ፣ ምስክርም አይወጣህ" አለው። ሳቅን። ከሁሉ አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ፤ በኔ ስላልሆነ።

ማክሰኞ

የምሠራው ሳን ሆዜ ነው፤ ስወጣ ሄለንን ከካምፓሷ አንስቻት ኦክላንድ አብረን እንሄዳለን። ሄይዋርድ ጋ እንደ ልማዱ መንገዱ ተዘጋ። ጊዜ ላለማባከን ስልኬ ላይ ያለ አንድ ከባድ ጥያቄ አነበብኩላት። ምርጫዎቹን ሳልጨርስ መለሰችው። ሌላ አነበብኩ። እሱንም። የስልክ ቁጥሯን የምትነግረኝ ነው የሚመስለው።

"አንቺ ልጅ፣ ትናንት ታዲያ እንዲህ ያለውን እንዴት ሳትሽው?"

በመስኮት ውጭ ውጭውን ማየት። ቆይታ በእንግሊዝኛዋ ነገረችኝ። ላይብረሪ ብቻዋን ሙሉ ፈተና ትወስዳለች፤ የመጨረሻው ከ180 172 ነው። ቤት ስትመጣ ግን አባቷ ስንት እንደሳተ በዓይኗ ትቆጥርና እሷ አንድ ጨምራ ትስታለች። ሁልጊዜ አንድ ብቻ። ብዙ ከሳተች ደግሞ ይገባዋል አለች።

ለምን? አልኳት። ሌላ ምንም የቀረው ነገር የለም፤ ሰው "ዳኛው" ብሎ የሚጠራው እዚያች ሳሎን ውስጥ ብቻ ነው፤ ልነጥቀው አልፈልግም ነው ያለችኝ።

"ፕሊስ" አለች ክንዴን ይዛ። "ማርያምን! አንድ ቃል አይወጣኝም" አልኳት።

እኔ በቁሜ እስክደርቅ አጥንቼ 151 አመጣለሁ። እሷ ስትሳሳት እንኳ በልኩ ነው የምትሳሳተው። ቀናሁ። ይኸው ተጻፈ፤ ቀናሁ።

ረቡዕ

ደግ ደጉን ላስቀድም።

የልምምድ ፈተናውን አንድ ሙሉ ክፍል በሰዓቱ ጨርሼ አራት ብቻ ሳትኩ። አራት! ፋርማሲው መጸዳጃ ቤት ገብቼ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ወይዘሮ ዓለም፣ የጋሽ ታደለ ሚስት፣ የጾም ሳምቡሳ አቀረበችልን። ሦስት በላሁ።

ክፉው ደግሞ ይኸውና። ዛሬ ሄለን ላይ ተነሳባት። "አሜሪካን አገር አሳድጌሽ እንግሊዝኛውን እኔ ላስተምርሽ? እኔ እኮ በአርባ ዓመቴ እዚህ መጥቼ መናገር የጀመርኩት ቋንቋ ነው! ምን ስታደርጊ ነው የከረምሽው?" እሷ ወረቀቷን እያየች "ሶሪ ዳዲ"። እሱም ደስታው ሊደበቅለት አልቻለም፤ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፣ ሱሪውን ሳብ አደረገ፣ ለዮናስ ስለ አንድ የድሮ ችሎቱ ተረከለት።

አላስችል ስላለኝ ሄለንን አየኋት። በከንፈሯ ጫፍ ፈገግ ብላለች። በሱ ደስታ እኮ ነው የተደሰተችው! እኔ ብሆን ሳህኑን ነበር የምወረውረው።

ቀጥሎ ወደኔ ዞረ። ለሁለተኛ ጊዜ ስለምፈተን ስም አውጥቶልኛል፤ "ይግባኝ ባይዋ"። "ይግባኝ ባይዋ፣ የሥር ፍርድ ቤት እንኳ አልተቀበለሽም፣ እዚህ ምን አመጣሽ?" ዮናስ ሳቀ። ሰኞ የሳቅኩበትን መለሰልኝ። እኔም በጥርሴ ሳቅኩ።

ሐሙስ

አፈረጥኩት። በቃ፣ አፈረጥኩት።

ጥያቄው ቀላል ነበር። አንድ ባለሱቅ ካሜራ ከገጠመ በኋላ ስርቆት ቀነሰለት፤ ስለዚህ የቀነሰው በካሜራው ነው ይላል። ይህን ክርክር የሚያዳክመው የትኛው ነው? እኔ ቢ አልኩ፤ በዚያው ወር ፖሊስ ሰፈሩን መጠበቅ ጀምሮ ነበር የሚለው። ሌላ መልስ ሊኖረው አይችልም፤ ሕፃን ይመልሰዋል። ጋሽ ታደለ ዲ አለ፤ የካሜራ ምስል በባለሙያ ሳይረጋገጥ ለማስረጃነት አይበቃም የሚለው። "አሥራ አምስት ዓመት ፈርጄበታለሁ" አለ።

ፈተናው የሚያውቀውን ሕግ አልጠየቀውም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው የጠየቀው። ከጅምሩ ያልገባው ይሄ ነው፤ ማንም አልነገረውም።

"ዓለም! ነጠላሽን!" አለ። ዛሬ ዳኛው ራሱ ተከራካሪ ሆኖ ከኔ ጋር ታሰረ። "በይ ልበልሽ!"

አልኩት። በትሕትና፣ በአንቱታ፣ አንድ በአንድ። ዮናስን "አንተ ምን ትላለህ?" ሲለው ዮናስ ዓይኑን ጣራው ላይ ሰቅሎ "ዲ" አለ። ሄለንም "ዲ" አለች። ዲ! 172 የምታመጣው ልጅ! ያኔ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር የተበጠሰው።

እሱ ደግሞ አላቆመም። "አየሽ? ሦስት ለአንድ። አንቺ ልጅ ችግርሽ ማጥናት አይደለም፤ አእምሮሽ ለሕግ አልተፈጠረም። ቅዳሜ እዚያ ሄደሽ ራስሽን ሁለተኛ ከምታዋርጂ፣ ክኒንሽን እየቆጠርሽ ብትቀመጪ ይሻልሻል። ተረታሁ በይ።"

"ሄለን የምትስተው ለእርስዎ ብላ ነው!" አልኩ።

አፌ አንዴ ከተከፈተ ማን ይመልሰው? ሁሉንም ዘረገፍኩት። 172ቱን፣ ላይብረሪውን፣ እየቆጠረች አንድ ጨምራ መሳቷን። "ቤት የሞላ ሰው እያባበለዎት ነው እንጂ ተከራክረው የረቱት ሰው የለም!" አልኩት። እየጣፈጠኝ ነበር። እውነቱን ልጻፈው፤ እያንዳንዷ ቃል ጣፈጠችኝ።

እጃችን አሁንም እንደታሰረ ነው። ጋሽ ታደለ ነጠላውን ወደ ራሱ ሳበ። በአንድ እጁ ሊፈታው ሞከረ፤ ቋጠሮውን ራሱ አጥብቆት ስለነበር እንቢ አለው። ሄለን ተነስታ ፈታችልን። ወደኔ አላየችም።

"እውነት ነው?" አላት።

"ኖ ዳዲ።"

አዲስ ወረቀት ፊቷ አስቀመጠና "ሥሪ" አለ። እሷም እርሳሱን አነሳች። የመጀመሪያውን ሳተች። ሁለተኛውንም ሳተች። እያየናት፣ እንባዋ ወረቀቱ ላይ እየወረደ፣ ሦስተኛውን ደግሞ መረጠች፤ ማንም የማይስተውን ሳተችው። ጋሽ ታደለ እርሳሱን ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደ።

"በቃ" አለ። ወደ መኝታ ቤት ሲሄድ እኔ ጋ ሲደርስ ቆም አለና "ይግባኝሽ ተፈቅዷል" አለኝ። ድምፁ የዳኛ አልነበረም።

ዓርብ

ሥራ ላይ የአንዱን ሴትዮ መድኃኒት ለሌላዋ ልሰጥ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ሄለን ስልክ አታነሳም። ትናንት ከቤት ወጥታ ኤል ሴሪቶ ከተማ ጓደኛዋ ጋ እንዳደረች ነው የሰማሁት። አንድ ቴክስት ብቻ ላከችልኝ፤ በእንግሊዝኛ፤ "በማርያም ምለሽ ነበር።" ሌላ ምንም የለውም።

በምሳ ሰዓት ወይዘሮ ዓለም ደወለች። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ትዕግስት ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ? በልተሻል?"

"ደህና ነኝ እትዬ።"

"ስምሽን ያወጡልሽ እናትሽ ናቸው አባትሽ?" ስሜንና ግብሬን እያነጻጸረች መሆኑ ገባኝ። ከዚያ ጋሽ ታደለ ሥራ እንዳልሄደ፣ አልፈተንም እንዳለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደተኛ ነገረችኝ።

"እኔ እኮ እውነቱን ነው የተናገርኩት" አልኩ።

"እውነቱንማ እኔም አውቅ ነበር። ዮናስም ያውቃል። እሱም ቢሆን ልቡ ያውቀው ነበር ልጄ። ሰው ፊት መባሉ ነው የጎዳው።"

ተናደድኩ። "ታዲያ ሁላችሁም ካወቃችሁ የኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?"

"ሁሉም የሚያውቀውን ማን ተናገሪ አለሽ?" አለችኝ፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ቀጥላም "ነገ ቁርስ ሳትበይ እንዳትሄጂ" ብላ ዘጋችው።

ለዮናስ ደወልኩ። "ታውቅ ነበር?" ስለው "ተይኝ እባክሽ፣ እኔ ምንም አላውቅም" አለ። ሽንት ቤቱን አስታወሰ መሰለኝ።

አንድም ገጽ አላጠናሁም።

ቅዳሜ

ጋሽ ታደለ መጡ። (ዛሬ ደብተሬም አንቱ ይበላቸው።)

ሳን ሆዜ ነው የተፈተንነው፤ አራታችንንም አንድ ቦታ ያስመዘገቡን እሳቸው ነበሩ። ሱፍ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው። ተሰልፎ የቆመው ሁሉ ቁምጣና ስሊፐር ያደረገ ልጅ ነው። የዘቡ ሰውዬ ከተፈታኞቹ የአንዱ አባት መስለውት ቤተሰብ ውጭ ነው የሚጠብቀው አላቸው። መታወቂያቸውን አወጡና ምንም ሳይናገሩ አሳዩት። ሰላም አልኳቸው፤ በአንገታቸው መለሱልኝ። ሄለን በጓደኛዋ መኪና መጣች፤ ከአባቷ ርቃ፣ ከኔም ርቃ ቆመች።

ስለ ፈተናው ብዙ አልጽፍም። ከካሜራው ጥያቄ ጋር የሚመሳሰል አንድ መጣልኝና ሳላመነታ መለስኩት። እንዲህ ሠርቼ አላውቅም። ሄለን ከፊቴ ሁለት ወንበር አልፋ ነበር፤ በመጨረሻው ክፍል ሰዓቱ ገና ብዙ ሲቀረው እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ጨርሳ ነው? ትታው ነው? ከጀርባ ምን ይታወቃል?

ስንወጣ ፓርኪንጉ ውስጥ ወይዘሮ ዓለም መኪና ይዛ ትጠብቃለች። አራታችንም ሳንፈልግ አንድ ላይ ቆምን። ጋሽ ታደለ ከረቫታቸውን አላሉ። ሄለንን ቀና ብለው ሳያዩ፣ "እንዴት ነበር?" አሉ።

ሳምንቱን ሙሉ ከአፏ አማርኛ ያልሰማሁት ልጅ፣ "ከበደኝ አባዬ" አለች።

አዩዋት። ረጅም ጊዜ አዩዋት። የሚጮሁ መሰለኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ትከሻቸው ቀስ ብሎ ቀና አለ።

"አይዞሽ" አሉ። "ለእኔ እንኳ ቀለል ያለ ነበር።"

"እኔንም ከበደኝ ጋሽ ታደለ" አለ ዮናስ፣ ሳይጠየቅ።

ወደኔ ዞሩ። "አንቺስ፣ ይግባኝ ባይዋ?"

ሁሉም አፌን አፌን ያየኛል። ወይዘሮ ዓለም እንኳ በመኪናው መስኮት አንገቷን አውጥታለች። ቀሎኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚህ የቀለለኝ ነገር የለም፤ በመንገዱ ላይ ሁሉ ብጮኸው ደስ ይለኝ ነበር።

"ከበደኝ ጋሽ ታደለ" አልኩ።

"አይዞሽ፣ ዳኛውም ከብዶት ያውቃል" ብለው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ወይዘሮ ዓለም አንገቷን መለሰች።

ሄለን መኪናው ውስጥ ልትገባ ስትል ተጠግቼ በጆሮዋ "እውነት ከብዶሽ ነው ወይስ ሆን ብለሽ ነው?" አልኳት። በሩን ይዛ አየችኝ። አሁንም በአማርኛ ነው የመለሰችልኝ፣ ቃላቱን እየፈለገች።

"አንቺ ንገሪያቸው" አለች። "መናገር አንቺ ነሽ የምትችዪው።"

ሄዱ። ወደ ቤቴ ስመለስ ሄይዋርድን ብቻዬን አለፍኩት። ዛሬ መንገዱ ክፍት ነበር። ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል። ልጅቷ ለአባቷ ብላ ሆን ብላ ጥላው ከሆነ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይኼንን መካድ አልችልም። ደግሞም ጥላው ከሆነ ከኔ በታች ታመጣለች። ይኼንን ሳስብ፣ ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ ትንሽ ደስ አለኝ።

ይኸው ተጻፈ።