ግመልን እንደ በሬ ጥለን እንድናክም ላስመረቁን ክቡር ሙዲር

ለክቡር አቶ ተሻለ
የድንበር አካባቢ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ማሠልጠኛ ሙዲር (ዋና ኃላፊ)
ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ፣ ሱዳን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ቀኝ እጅዎ እንደምን አለ? ግራውስ? ጎድንዎም፣ አንገትዎም፣ የራስ ቅልዎም በየቦታቸው እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኛ ዘንድ አንዳንዱ ስለጎደለ ነው እየዘረዘርኩ የምጠይቅዎ። የምጽፍልዎ ባንታምላክ ነኝ፤ ከቋራ እስከ አርማጭሆ ጠልፌ ያልጣልኩት በሬ የሌለ፣ በማታ ትምህርትም ፊደልን እንደ በሬ ቀንዱን ይዤ የጣልኩ፣ እርስዎም በገዛ እጅዎ ጨብጠው «የከብትና የግመል ጤና ሠራተኛ» ብለው ያስመረቁኝ። ደብዳቤው ግልጽ የሆነው ከቢሮዎ አጥር ውጭ ሻሂ ቤት የተቀመጠው ሁሉ እንዲሰማው ነው፤ ማንበቡንም ለሌላ አልሰጥም፤ እንደ እኔ አሳምሮ የሚያነብ ካምፑ ውስጥ የለም።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አድርጌያቸዋለሁ፤ ቁጥርም ተምሬያለሁና።

፩. ስለ ፍየሏ። ከገዳሪፍ እስከ ኒው ሀልፋ ከብቱ የሚያክመው ሰው አጥቶ እያለቀ ነው ብለው ሲሰበስቡን እውነትዎን ነበር። ለዚህ ሁሉ ችግር ያመጡልን ግን አንዲት ፍየል ነበረች። በየተራ ወጋናት፣ በየተራ አፏን ፈልቅቀን ጥርሷን አየን፣ በምረቃችን ዕለትም አርደው አበሉን። መምህሩንም፣ ታካሚውንም፣ ፈተናውንም በአንድ ሳህን የበላ ተማሪ በዓለም ላይ ከእኛ ሌላ አይገኝም። ጥብሱ ጨው ቢያንሰውም ከልብ እናመሰግናለን።

፪. ስለ ሙዳሲር። ሙዳሲር ከካምፑ ወዲያ ማዶ ግመል የሚያረባ የአገሩ ሰው ነው። ጨዋ ነው አልልም፤ ሰላምታው ስድብ ነው፣ ዱላው ደግሞ ከምላሱ ይፈጥናል። «ግመሉን እኔ ላስተምራቸው» ብሎ በርዎ ድረስ ሲመጣ ግን የመለሱት ስለ ስድቡ ሳይሆን ማንበብ ስለማይችል ነው። መስፈርት ነው፣ አከብራለሁ፤ እኔም ፊደል የቆጠርኩት ለዚሁ መስፈርት ስል ነው። ግመሉም ማንበብ እንደማይችል ግን ያን ጊዜ ማናችንም አላሰብንም።

፫. ስለ ፎቶው። እንግዶች ሊጎበኙን ሲመጡ፣ ፍየል በፎቶ ላይ ታንሳለችና ግመል ይሁን ብለው አዘዙ። ሙዳሲርም የገንዲ በሽታ መርፌ በነፃ ነው ሲባል ሰምቶ ትልቁን ወንድ ግመሉን ይዞ መጣ። ወሩ ብርድ የገባበት ነበር፤ በብርድ ወንድ ግመል ሴት ፈልጎ ያብዳል፤ ጥርሱን ያፋጫል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ቀይ ሥጋ እንደ ፊኛ ነፍቶ በአፉ ጎን ያወጣል። እኛ ምሩቃኑ አረፋውን አይተን የበሽታው ምልክት ነው ተባባልን። ሙዳሲር «ቆዩ እንጂ፣ መጀመሪያ ላንበርክከው» ሲል፣ እርስዎ «ባለቤት ወደ ኋላ! ሥራው የባለሙያ ነው» አሉት፤ በፎቶው ላይ የማሠልጠኛውን አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ ብቻ እንዲታይ።

እኛ የበሬ ሰዎች ደግሞ የምናውቀው አንድ መንገድ ነው፤ እግሩን በገመድ ጠልፎ ወደ ጎን መሳብ። መርፌውን የያዘው ሶፎኒያስ ነበር፤ ልብስ ሰፊው፣ ፊደል ስላወቀ ብቻ የተመረጠው፣ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞረው ሶፎኒያስ። እኔ ሳብኩ። በሬ ቢሆን ወድቆልኝ ነበር፤ ግመሉ ግን እኔን ስቦ እሾህ አጥር ላይ ወረወረኝና ዞሮ የሶፎኒያስን ቀኝ ክንድ ጎረሰ። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ የደረቀ የማሽላ አገዳ ነበር። አንጠልጥሎ አራገፈው፤ መሬት ላይ ጣለውና በደረቱ ተጫነው። ይንበርከክ የተባለው ግመል ያን ጊዜ ተንበረከከልን፣ ሶፎኒያስ ላይ። ሙዳሲር ዱላውን ይዞ ገብቶ «ያ ዞል! አንተ ሰውዬ፣ በሬ መሰለህ እንዴ፣ አንተ አህያ!» እያለ መጀመሪያ እኔን መታኝ፣ ቀጥሎ ግመሉን፤ በቅደም ተከተሉ ላይ ቅሬታ የለኝም። እርስዎ መኪናው ውስጥ ነበሩ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፈው። «በቅድሚያ ራስህን አድን» ብለው ካስተማሩን ትምህርት ሁሉ በተግባር ያሳዩን ይህን ብቻ ነውና ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፬. ስለ ሰደርያው። ክንዱን ገዳሪፍ ወስደን ቆረጡለት። የስፌት መኪናው ዛሬ የሻሂ ብርጭቆ ማስቀመጫ ነው። እርስዎም ስብሰባ ጠርተው ጥፋቱ የሠልጣኙ ችኮላ ነው አሉ፤ ለካሳ ያህልም ለሚስቱ ለመክሊት የባሏን ቦታ ሰጧት። ሥልጠናዋ ነገ ይጀመራል፤ አዲሲቱም ፍየል በራኩባው፣ በሣር ዳሱ ጥላ ሥር ታስራ ስትጮህ አይቻታለሁ፤ ምረቃው ደርሶባት መሰለኝ። መክሊት እምቢ እንዳትል ቤቷን ያበላ የነበረው እጅ ተቆርጧል። በዚህ ላይ «ሰደርያ አጥሮናል፣ የባልሽን ደሙን አጥበሽ ልበሽው» ብለዋታል። እጅጌ የሌለው ልብስ የመረጡልን ለካ አርቀው አስበው ኖሯል!

ስለሆነም በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መክሊት ግመል ፊት ከመቆሟ በፊት ሙዳሲር ያስተምራት። ስድቡን ወደ ጨዋ አማርኛ እኔ እመልስላታለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ይቅደሙና አንድ ጊዜ ያሳዩን፤ መርፌውን እኔ አቀብላለሁ።

ክንድዎ ከትከሻዎ፣ ትከሻዎ ከአንገትዎ ሳይለይ ያሰንብትዎ እያልኩ፣ ከማይለካ አክብሮትና ከአንድ የተሰነጠቀ ጎድን ጋር እሰናበታለሁ።

ምሩቅዎ ባንታምላክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ሲሰሙ ከቢሮዎ ለመውጣት አይቸኩሉ። ሙዳሲር ያንኑ ግመል ዛሬ ጠዋት አምጥቶ በአንዲት ቃል በርዎ ላይ አንበርክኮታል፤ ራሱ ሻሂ ሊጠጣ ሄዷል፤ «የማንበቡ መስፈርት ሲነሣ ግመሉን አስነሣለሁ» ብሏል። አረፋው እንደዚያን ዕለቱ ነው። የግመል ሐኪም ያስመረቀ ሰው አንድ ግመል አያቅተውም ብለን ሁላችንም ከአጥሩ ውጭ ቆመን እየጠበቅን ነው፤ በሬ የምንጥልበትን ገመድ መስኮትዎ ሥር አስቀምጬልዎታለሁ። ሰደርያውን መክሊት አላጠበችውም። እንዲደርስዎ በመስኮቱ ወርውራልዎታለች፤ ይልበሱት፣ ልክዎ ነው።