ሁለተኛው ማኅተም

ሰኞ፣ ጁን 8

ዝናብ። ካልሲዬ ሳይቀር ርሶ ገባሁ። በመዝገብ ቤታችን ፋይል የሚያጣራው ማሽን፣ ወኪሉ፣ ዛሬም አላረፈም... «ይህ ይጥፋ? ያኛውስ ይጥፋ?» ሲል ዋለ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ያቀልላችኋል ብለውን አልነበር? የሁለት ሰው ማኅተም ካላረፈበት ለዘለቄታው ማጥፋት አይችልም። መጀመሪያ የኃላፊያችን የሺሞዳ፣ ቀጥሎ የእኔ። የኔው ስክሪኑ ላይ ወደ እሳቸው ዘመም ብሎ ያርፋል፣ እጅ እንደሚነሳ ሰው። የአለቃ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ደግሞ ማን ያነባል?

ባልደረባዬ ቶሞኤ ከአጠገቤ ሆና፣ «ጣትሽ ሳያልቅ አግቢ እንጂ፣ ኋላ ቀለበቱን ምን ላይ ልታደርጊው ነው?» አለችኝ። ለመሳቅ እንኳ ደከመኝ።

ሐሙስ፣ ጁን 11

ዛሬ እንዲያው አነበብኩ። ከሚጠፉት መሀል የሽማግሌው የአባባ ኢሶቤ ፋይል... የሚስታቸው ድምፅ! ሴትየዋ በሕይወት ሳሉ በዓሣ አጥማጆቹ መንደር ድምፅ ማጉያ ማታ ማታ ይናገሩ ነበር። ካሴቶቹን እኛው ገልብጠን፣ «እኛ ጋ አለልዎ፣ አይስጉ» ብለን ዋናዎቹን አባባን አስጥለናቸዋል። አባባ በየዓመቱ በሚስታቸው ሙት ዓመት ቀን እዚሁ መጥተው ድምፃቸውን ይሰማሉ። ወኪሉ «ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ» ይላል። አልዋሸም። ምን ያውቃል?

የኃላፊው ማኅተም አርፎበታል። ሄጄ ነገርኳቸው።

«እኔ አትሜበት የለም እንዴ?»

«አዎ፣ ኃላፊ፣ ግን...»

«ግን ምን?»

ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ግን አላተምኩም። አቆየሁት። 

ማክሰኞ፣ ጁን 16

ትኩሳት። ከአልጋ አልወረድኩም።

ረቡዕ፣ ጁን 17

ፋይሉ የለም። መጠባበቂያው ቅጂም የለም፤ ወኪሉ የሁለቱንም ቁልፍ ይዞ ኖሯል። ማን ሰጠው? ማንም አልጠየቀም።

ማኅተሜ ግን አለ። የትናንት! እኔ አልጋ ላይ እያለሁ! ማታ ስንወጣ ማኅተሙን የሚያሳርፈውን ካርዳችንን መሳቢያ ውስጥ ትተን መሄድ የመሥሪያ ቤቱ ወግ ነው፣ ሰው ቢቀር ሥራ እንዳይቆም። ኃላፊው አውጥተው አትመውልኛል። እንዴት አምሮ እጅ ነስቷል!

«ለአንቺው ብዬ ነው፣ ሥራ እንዳይቆለልብሽ» አሉኝ። ክፋት የላቸውም። እሱ ነው የሚያናድደው። «አመሰግናለሁ» አልኩ። አመሰግናለሁ! ምን ነካኝ?

ዓርብ፣ ጁን 19

ወሬው የበላይ አለቆች ጋ ደርሶ ትእዛዝ ወረደ። ወኪሉ የማጥፊያ መሣሪያውን ተነጠቀ። ይጥፋ ብሎ መጠየቅ እንጂ ራሱ ማጥፋት ቀረ። መጠባበቂያው ጋ ድርሽ አይልም። የተጣለ ነገር ሁሉ ከመጥፋቱ በፊት ወር ይቆያል። የበታቹ አስቀድሞ ያትማል፣ አለቃ በኋላ። ካርድም መሳቢያ ውስጥ አያድርም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ኃላፊው ለብቻዬ ጠርተው፣ «ለሽማግሌው ማሽኑ ተበላሸ በያቸው» አሉኝ። እጅ ነስቼ ወጣሁ። እሺ ያልኩ መሰላቸው መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ጁን 23

የሙት ዓመቱ ቀን። አባባ ኢሶቤ መጡ። በዚያ ዝናብ፣ ክራቫት አስረው። ተቀምጠው ማዳመጫውን እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«አባባ... ድምፁ የለም። ጠፍቷል።»

«ማሽኑ ነው?»

ኃላፊው ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አይደለም። ማሽኑ ላጥፋ ወይ ብሎ ጠይቆናል። አጥፋ ያልነው እኛ ነን።»

እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ምነው በተቆጡኝ። «አንቺ አብረሽኝ ስትሰሚ አልነበር? ምን ትል ነበር?» አሉኝ።

«ጀልባዎቹ ሁሉ ገብተዋል። ልጆች ወደ ቤታችሁ ግቡ...» አልኩ። እንባዬ መጣ።

«እንደሱ አይደለም፣ ልጄ። ‹ልጆች› ካለች በኋላ ትንፋሽ ትወስዳለች።»

ደገምኩላቸው።

«አሁን ቀረብ ብለሻል። ለከርሞም ትዪልኛለሽ?»

እሺ አልኳቸው። ኃላፊው ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም፤ አያናግሩኝ። ቤት ገብቼ ራሴን ሳላደርቅ ብቻዬን ደጋግሜ አልኩት። ከእንግዲህ የሴትየዋ ቃል የሚሰማው ከእኔ ብቻ ነው። ብረሳውስ?