ውሃ የሚጠጣው ድንጋይ

ጥር 6
ብርድ። ቦት ጫማዬ ከትናንት አልደረቀም። ጋሼ ቀድሞኝ የባቡሩ ዋሻ ቁፋሮ ገብቷል። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ የቀን ፈረቃው ፎርማን። ቁርስ ሳትበዪ እንዳትመጪ ብሎኝ ሄደ። እኔ የድንጋይ ባለሙያዋ፣ ገና እንደ ሕፃን...
ከሰዓት በኋላ ከግራጫው ድንጋይ ወጥተን ጥቁር አረንጓዴ ነገር ላይ ደረስን። ከባድ። ፔሪዶታይት ነው። በሥዕል የማውቀውን በእጄ ያዝኩት። ብረት በያጁ፣ ሳቅ ስለማይለየው ሳቂታው የምንለው፣ ምን አስፈነደቀሽ አለኝ። ይሄ ከምድር ቅርፊት በታች፣ ማንትል ውስጥ የነበረ ነው፣ ሁለት አህጉሮች ሲጋጩ ተገፍቶ ከተራራው ጋር ወጣ አልኩት። ትንሽ አሰበ።
«ሳይፈልግ ነዋ የወጣው።»

ጥር 9
አልወደድኩትም። ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር ድንጋዩ እየተለወጠ ነው። እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል፣ ልክ የእባብ ቆዳ። ውሃ አግኝቶታል። ይሄ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ከብረት ድጋፎቹ አንዱ ወደ ውስጥ ጎብጧል። ሰሞኑን ቀጥ ያለ ነበር... ወይስ ልብ አላልኩትም?

ጥር 13
ዋሻው ጥግ የተጠራቀመው ውሃ አረፋ ያወጣል። ውሃው ድንጋዩን ሲለውጠው ሃይድሮጅን ይወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። አንዲት ብልጭታ ካገኘ ግን...
ለዋሻው ሥራ ኃላፊ ነገርኩት። የጋዝ መለኪያው ምንም አላሳየም አለ። መለኪያው ወለሉ አጠገብ ነው የተሰቀለው፣ ይሄ ጋዝ ደግሞ ወደ ጣሪያ ነው የሚሄደው አልኩት። ሳቀብኝ።
እራት ላይ ለጋሼ አነሳሁለት። አንቺ ድንጋይ ካየሽ እንቅልፍ የለሽም አለና መብላቱን ቀጠለ።

ጥር 14
አረፋው አልቆመም።

ጥር 16
መለኪያውን ረጅም እንጨት ላይ አስሬ ወደ ጣሪያው አስጠጋሁት። ጮኸ። ደገምኩ። ጮኸ። ኃላፊው እርጥበት አበላሽቶት ነው አለ። በዚህ ሳምንት ጎብኚዎች ይመጣሉ፣ ሥራ አይቆምም አለኝ።
ሰዎቹን ማስወጣት የሚችለው ፎርማኑ ነው። ጋሼን ለመንኩት። ቢያባርሩኝ ልጆቼን ማን ያበላል ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

ጥር 17
እንደሆነው ልጻፈው።
ረፋዱ ላይ ጋሼ ሰዎቹን በሙሉ ይዞ ወጣ። ምሳ ቀድሞ ደርሷል ብሎ። ምሳ የለም። ሰደቡት። መጥቶ አጠገቤ ቆመ።
ኃላፊው ደረሰ። ተመለሱ አለ። ጋሼ እንቢ አለ። እንግዲያው የጎበጠው ብረት እንኳ ይበየድ ብሎ ሳቂታውን ጠራው። እጁን ያዝኩት። ጋዝ አለ፣ እሳት ይዘህ አትግባ፣ በሞቴ አልኩት። ኃላፊው እያየው ነው። ቀስ ብሎ እጄን አላቀቀ።
«አንዲት ጭረት ናት፣ እህት ዓለም። መጣሁ።»
መጣሁ ብሎ ሄደ።
ፍንዳታውን መጀመሪያ በእግሬ ነው የሰማሁት።

ጥር 19
ሳቂታውን ቀበርነው። እናቱ ምን ብሎ ገባ አሉኝ።
መጣሁ አለ አልኳቸው።

የካቲት 11
ኃላፊው ከቦታው ተነስቷል። ትልልቅ ማራገቢያዎች ገብተዋል፣ መለኪያዎቹም ጣሪያ ላይ ተሰቅለዋል። ዛሬ ሥራ ተጀመረ። ማለቴ... ሊጀመር ነበር። ሰዎቹ በሩ ላይ ቆሙ። አዲሱ ኃላፊ ግቡ ቢል የሚሰማው የለም። ሁሉም እኔን ያያሉ።
ገብቼ ጣሪያውን ዳር እስከ ዳር ለካሁ። ምንም የለም። ዛሬ የለም። ድንጋዩ ግን መጠጣቱን አይተውም። ነገስ? ከአንድ ሰዓት በኋላስ?
ስወጣ ጋሼ ቆቡን በእጁ ይዞ ጠበቀኝ።
«እንግባ?»
ታላቄ... እኔን ፈቃድ ጠየቀኝ።
ግቡ አልኩ። እሱ ቀደመ። የመጨረሻው ሰው ጀርባ ጨለማው ውስጥ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። መውጫቸው ገና ነው። በሩ ላይ ቁጭ ብያለሁ።