የሞረድኩት ፍሬት

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? ከተለየኸን ሰባት ወር ሞላህ። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። እማዬ ወገቧን ያማታል እንጂ ደህና ናት። እኔም ሥራዬ እዚያው ኮምቦልቻ ነው፤ ግን ብቻዋን እንዳትሆን በየሳምንቱ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ አድራለሁ። አልጋህን ሳሎን አወጣናት፤ እንግዳ ይቀመጥባታል።

የምጽፍልህ ስለ ጊታርህ ነው። በቁምህ ልነግርህ ይገባ ነበር።

አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች አምስተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ስትጫን ዝዝ ይል እንደነበር ታውቃለህ። ሰርግ ላይ ጣትህን እያሸሸህ ትጫወት ነበር፤ ከዚህ ብረት ጋር ተኳርፈናል እያልክ። እኔ ደግሞ የፋብሪካ መካኒክ ነኝ፣ ብረት ይፈራኛል ባይ። እኛ መካኒኮች ዘንድ የታመመው የሚጮኸው ነው ይባላል። አንተ ቢስቲማ ለቅሶ የሄድክ ዕለት ላስደስትህ ብዬ፣ ሳልነግርህ ያንን ብረት ሞረድኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ።

ተመልሰህ ጊታሩን ስታነሳው ድምፁ እዚያ ቦታ ላይ ጭራሽ ታፈነ። ደጋግመህ ሞከርክ። ከዚያ ጣቶችህን አየሃቸውና፣ «እጄ ከዳኝ» አልክ።

እኔ ነኝ ልልህ ነበር፤ ፈራሁ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ነገው በዛ። ጊታሩን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልከው፤ ሰርግ ሲጠሩህ ሌላ ሰው ፈልጉ አልካቸው። እማዬ ጠዋት ጠዋት ጣቶችህን በጥቁር አዝሙድ ዘይት ስታሽልህ እያየሁ ዝም አልኩ። ወላሂ አባዬ፣ በራሴ አፍሬያለሁ።

ታመህ የተኛህ ጊዜ ሁላችንንም በተራ ጠርተህ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልክ። እኔም አውፍ ብዬህ፣ አንተም አውፍ በለኝ አልኩህ። «ለምኑ?» አልከኝ። ለሁሉም አልኩ። ፈገግ ብለህ ለሁሉም አውፍ ብያለሁ አልክ። ስሙን ያልጠራሁት በደል ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ሳምንት ጊታሩን ሸዋ በር አካባቢ ላለ ጠጋኝ ወሰድኩት። አንገቱ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞ አየና፣ የሞረድኩት ጤነኛውን እንደሆነ ነገረኝ። ጥፋተኛው ከፍ ያለው ስድስተኛው ነበር፤ አምስተኛውን ስትጫን ክሩ የሚነካው እሱን ነው። እኔ ጤነኛውን ዝቅ ሳደርገው ባሰበት። ያበላሸሁትን ነቅሎ አዲስ ተከለ፣ ስድስተኛውን በልኩ ሞረደ። ክሩን ሲነካው ጥርት ብሎ ወጣ። ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የኔ ነገር።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። «ብትነግረው እኮ ይስቅ ነበር» አለችኝ።

ሰርግ ላይ ስምህ ሲነሳ፣ ጎበዝ ነበር፣ ኋላ እጁ ደከመበት እንጂ ይላሉ። እስካሁን አንገቴን ደፍቼ እሰማ ነበር። ከእንግዲህ ግን ማንም ይኑር ማን፣ ተነስቼ የእጁ ጥፋት አልነበረም፣ ያበላሸሁበት እኔ ልጁ ነኝ እላለሁ። አላህ እስኪያገናኘን ድረስ ይህን ስናገር እኖራለሁ።

ልጅህ