የወንድሜ የጎመን መደብ ጦም አድሯል ተብሎ እንዳይወሰድብን

መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንዝ ዳር አትክልት አምራቾች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሟች ወንድሜ የገዳ ሞቱማ የእርሻ ቦታ ለሌላ እንዳይተላለፍ እና አነስተኛ አምራቾች የውሃ ፓምፕ ድጎማ እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስሆን ከእናቴ ከወ/ሮ ደሚቱ ጋር ልደታ እኖራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ገዳ ጽሕፈት ቤትዎ በሰጠው የወንዝ ዳር ቦታ ላይ ጎመንና ቆስጣ እያመረተ ያስተዳድረን ነበር። ወንዙ ስለቆሸሸ ጉድጓድ ቆፍሮ በዚያ ውሃ ነበር የሚያጠጣው። የሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሰዎች ከእሱ ይገዙ የነበሩትም ለዚሁ ነው።

2. አምና የኤሌክትሪክ ፓምፕ በድጎማ ሲታደል የተሰጠው ሰፊ ቦታ ላላቸው ብቻ ነው። ወንድሜና የመደብ ጎረቤቱ ጋሽ ረሻድ ቦታቸው ተደምሮ አንድ ፓምፕ እንዲሰጣቸው አመልክተው ነበር። የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ ግን «የእናንተን በባልዲም ትጨርሱታላችሁ» ብለው ሳቁባቸው። ገዳ ይህን ሲነግረን እሱም ይስቅ ነበር።

3. በዚህ ሁዳዴ፣ ጎመን ፈላጊው በበዛበት ሰዓት፣ የጉድጓዱ ውሃ ራቀ። የጋሽ ረሻድ የቤንዚን ፓምፕ ከላይ ሆኖ መሳብ ስላቃተው ገዳ በገመድ አስሮ ወደ ጉድጓዱ አወረደው። ውሃው ሲወጣ «ጋሼ፣ ዛሬ ገና መደቡ ጠጣ» አላቸው። ከዚያ ሞተሩን ሊያጠፋ ወረደ። ጭሱ እዚያ ውስጥ ታምቆ ስለነበር በሕይወት አልወጣም። እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። ጋሽ ረሻድ እስካሁን በበራችን ሲያልፉ ቀና ብለው አያዩም። እኛ ግን አንወቅሳቸውም።

4. ባለሙያው ቦታውን አይተው «አልሚ የለውም፣ ጦም አድሯል» ብለው ስለጻፉ፣ ለትልልቆቹ አምራቾች እንዲሰጥ መወሰኑን ከማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ አንብቤአለሁ። አረም መውጣቱ እውነት ነው። በእኛ ቤት ግን የሟች አርባ ሳይወጣ እሱ የያዘው ዶማ አይነሳም። እናቴም ገና ከፍራሽ አልተነሳችም። ሐዘን መቀመጣችን ቦታውን እንደ መተው እንዳይቆጠርብን እለምናለሁ።

ስለዚህ ቦታው ወደ እናቴ ስም እንዲዞርልን፣ ከትምህርት መልስ እኔ አለማዋለሁና፣ ትንንሽ ቦታ ያለንም ተደምረን የፓምፕ ድጎማ እንድናገኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ የማይቻል ሆኖ ቦታው ለሌላ የሚሰጥ ከሆነ ግን፣ ለሚረከበው ሰው አንድ ነገር ይንገሩልኝ፤ ውሃው ሲርቅበት ሞተር ወደ ጉድጓዱ እንዳያወርድ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ገመቺስ ሞቱማ