አሜን ያለው ጎረቤት

ሐሙስ፥ ኅዳር ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.፥ ከምሽቱ ፩ ሰ.

ጌታነህ ሰምቶ አልሰማሁም አለ። በደሉ ይኸው ነው። አላሳምረውም፥ አላስረዝመውም።

ውሃ ቀዳሁ። ሽሮ ሠራሁ። ጨው በዛበት። በላሁት።

አንተ ደብተር፥ በተራው ላስቀምጥልህ። ወ/ሮ አስካለ፥ የዚህ ቤት ባለቤት፥ በነሐሴ ታማ ተኝታ ሳለ ከጎረቤቴ ከጌታነህ ጋር ልንጠይቃት ሄድን። ልጇ ደረጀ መሥሪያ ቤት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተከራየሁትን ቤት፥ «ላንተ ነው፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ሰጥተህ ያዘው፤ ልጄ ለሌላ እንዳይሸጠው» አለች። ጌታነህ አጠገቤ ተቀምጧል። መስማት ብቻ አይደለም። ባርኔጣውን አውልቆ «አሜን» ብሏል።

ወረቀት አላስጻፍኩም። ለአንድ ኩንታል ኖራ እንኳ ፈርምልኝ የምል ግንበኛ ነኝ። ግን የታመመች ሴት ፊት ወረቀት ማውጣት «ትሞቻለሽ» ማለት መሰለኝ። አፈርኩ። ሞተች።

ተዝካሯ ባለፈው እሑድ ወጣ። ዛሬ ደረጀ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው። ቁጭ በል ሳልለው አልተቀመጠም። የእናቱን ቃል ሰምቶ የሚመሰክር ካለ እንደማይሽር፥ ከሌለ ግን እህቶቹም ድርሻ ስላላቸው ለበለጠ ከፋይ እንደሚሸጥ ነገረኝ። ደስ አለኝ። ምስክሬ ከአጥሩ ማዶ ነው። ጠራሁት። መጣ። መሬት መሬት አየ። እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም አለ።

ደረጀ እኔን ማየት ከብዶት ጣራውን ያያል።

ዓርብ፥ ኅዳር ፲፰፥ ጧት ፬ ሰ.

ለምን እንደካደ ገባኝ። ደላላው ተሰማ መጣ። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ የሚሰጥ ሰው አለ አለኝ። ማን ነው ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። «ሩቅ አይደሉም ጋሼ። ሲያስነጥሱ ይማርዎ የሚሉት ጎረቤትዎ ናቸው። አጥሩን አፍርሰው ሊያገናኙት ነው።»

ምስክሬ ገዢ ሆነ።

ሁለት ሺህ አልኩ። ተሰማ ወጥቶ በማዶው በር ገባ።

ከዛሬ ጀምሮ ስሙን በሙሉ አልጽፍም። ጌ. ይበቃዋል።

ማታ ማታ አጥሩ ሥር ካለው ግንድ ላይ ተቀምጠን ጋዜጣ አነብለት ነበር። እሱ ፊደል አልቆጠረም። እኔም የቆጠርኩት በሠላሳ አምስት ዓመቴ፥ ብቻዬን፥ ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። ትናንት ማታ ለራሴ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ቤቱ ውስጥ የገዛ ድምፄ አስጠላኝ። ተውኩት።

ማክሰኞ፥ ኅዳር ፳፪፥ ከቀኑ ፱ ሰ.

ተሰማ ዛሬ ብቻ አራት ጊዜ ተመላለሰ። ከእሱ በር ወደ እኔ በር፥ ከእኔ በር ወደ እሱ በር። ሁለት ሺህ ሃምሳ አሉ። ሁለት ሺህ መቶ በላቸው። እሺ ጋሼ።

በመጨረሻ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ገልብጦ አሳየኝ። «ሁለታችሁ እስክትጨርሱ እኔ በባዶ እግሬ ልቀር ነው። በአጥሩ ላይ ብትጯጯሁ ምን ነበረበት? የሶሌን ሒሳብ በቤቱ ዋጋ ላይ እጨምረዋለሁ።»

አልሳቅኩም። በኋላ፥ ከሄደ በኋላ፥ ትንሽ ሳቅሁ። የምነግረው ሰው ግን አልነበረም። እንዲህ ያለውን ለጌ. ነበር የምነግረው።

ከሰዓት በኋላ ባለ ቮልስ አንድ ሰው ከደረጀ ጋር መጣ። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። ደረጀ «መሠረቱ ድንጋይ ነው፥ ጉድጓድ አለው፥ ውሃው በበጋም አይደርቅም» ይለዋል። ድንጋዩን የጠረብኩት እኔ። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ፤ አሥራ አንድ ክንድ። የገዛ ድንጋዬ ዋጋ ሆኖ በላዬ ላይ ይጨመርብኛል። ሰውየው ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ብሎ ሄደ። እንደገና አይመጣም። ጫማውን ጭቃ ሲነካው ፊቱን አይቻለሁ። ዋጋውን ግን ትቶልን ሄደ።

ማክሰኞ፥ ኅዳር ፳፱፥ ማታ

ዕቃዬን ሸጥኩ። ሁለቱን መዶሻ፥ መሮዎቹን፥ የግንብ ማንኪያውን፥ ባለ መስተዋት ውሃ ልኩን። አጣና ተራ አጠገብ ላለ ወጣት ግንበኛ። ግድግዳ የማቃናበትን ቱንቢዬን ግን አልሸጥኩም። ቤት ውስጥ አንድ እንኳ ቀጥ ያለ ነገር ይኑር።

በዚህ ላይ የምሥራቁ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ጭቃ በጭድ አቡክቼ መረግሁት። የወተት ሻጯ ቆማ አየችኝና፥ ላንተ ይሁን ለሌላ ያልታወቀ ቤት ትመርጋለህ ወይ አለችኝ። ግድግዳው ይህን አያውቅም አልኳት።

ብርቄ ልትቀዳ መጣች። የጌ. ልጅ ሚስት። ከመጣች ጀምሮ ከእኔ ጉድጓድ ነው የምትቀዳው። ሆዷ ገፍቷል። ገመዱን ከእጇ ተቀብዬ ሳብኩላት።

ከአባታችን ጋር ለምን አትነጋገሩም አለችኝ። ገመዱ አርጅቷል አልኳት። «እኔ ስለ ገመዱ አልጠየቅሁም አባባ» አለችኝ። ደፋር ናት።

ሰባት ሆነው በአንድ ክፍል ተኩል እንደሚኖሩ፥ ለጥምቀት ግድም እንደምትወልድ፥ ባሏ ወንበር ላይ እንደሚተኛ ነገረችኝ። ልታሳዝነኝ ብላ አይደለም። እንዲያው ወሬ ነው። ባልዲውን ሁለት ጊዜ ሞላሁላት። እስከ በራቸው ተሸክሜ አደረስኩት። ጌ. ደጃፉ ላይ ነበር። አላየሁትም። አላየኝም።

እሑድ፥ ታኅሣሥ ፬፥ ከቀኑ ፰ ሰ.

ነገሩን ለእድሩ ሽማግሌዎች አቀረብኩ። ደረጀም መጣ። ሽማግሌዎቹ የሚወስኑትን እቀበላለሁ አለ።

የሆነውን ተናገርኩ፤ ከዚህ ደብተር ላይ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ጌ. ተነሣ። ስለ አሜኑ አልተናገረም። እንዲህ አለ፦ «ብቻውን ያለ ሰው ነው። ሚስት የለው፥ ልጅ የለው። ቤት ገዝቶ ለማን ሊያወርስ ነው? እኔ ቤት ያለኝ ሰው አይደለሁም፤ ሰው ያለኝ ሰው ነኝ።»

ከሽማግሌዎቹ ራሳቸውን የነቀነቁ አሉ። ቆጠርኳቸው። ሦስት ናቸው። የሁለቱን ቤት መሠረት የጣልኩት እኔ ነኝ።

መልሱን እያሰብኩ ቤት ደረስኩ። አሁንም አላገኘሁትም።

የእድሩ ዳኛ ፈረዱ። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጌ. መጽሐፍ መትቶ አልሰማሁም ብሎ ይምላል። ከማለ ቤቱ ለበለጠ ከፋይ ይሄዳል። አልምልም ካለ ዝምታው ምስክሬ ነው፤ ቤቱ በአንድ ሺህ ስምንት መቶ የእኔ ነው።

ጌ. እምላለሁ አለ። በፍጥነት። ሰው እንዲህ በፍጥነት እምላለሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ሐሙስ፥ ታኅሣሥ ፰፥ ንጋት ፲፪ ሰ.

አይምልም። አውቀዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ይሄዳል፥ እጁ መጽሐፉ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ያኔ ቤቱ የእኔ ነው። ፀሐይ በምሥራቁ መስኮት ትገባለች። ማንም አያስወጣኝም።

ወይም ይምላል።

ይህን ማንም አያውቅም፤ አንተም እስከ ዛሬ አታውቅም። ጎጃም ሳለሁ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በርስት ተጣልቼ፥ «እህልህን ብቀምስ» ብዬ መጽሐፍ መታሁ። የተናደድኩት አንድ ቀን ነው። መሐላውን የጠበቅሁት ሃያ ስድስት ዓመት። ሰው ልኮ ለመነኝ። አልሄድኩም። ሲሞት ሄድኩ። ቀበርኩት። እዝኑን አልቀመስኩም። ሰው ሁሉ ሲበላ እኔ ግንቡ ሥር ቆሜ ነበር። የወንድሜ ሚስት አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ያ እንግዲህ እውነተኛ መሐላ ነው። የጠበቅሁት። የሐሰቱ ምን ያደርግ ይሆን? ሰዎች ልጅ ላይ ይወርዳል ይላሉ። እኔ በተጻፈ እንጂ በተባለ አላምንም። ግን ይላሉ።

እሑድ፥ ታኅሣሥ ፲፩፥ ከቀኑ ፮ ሰ.

አስቆምኩት።

በተራው ልጻፍ።

ቅዳሴ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ቆሙ። ቄሱ ወንጌሉን በጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። ጌ. ጫማውን አወለቀ። የሚይዝለት ሲፈልግ ብርቄ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ተቀበለችው። ጫማውን ሆዷ ላይ አስደግፋ ቆመች። ለምን እንደመጣን ልጅቷ በደንብ የገባት አልመሰለኝም። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ፈገግ አለችልኝ። እጅ ነሳችኝ።

ጌ. ወደ መጽሐፉ ሄደ። ይሰበራል ያልኩት ቦታ ላይ ደረሰ። አልተሰበረም። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፥ እጁ ግን ተነሥቷል። ሊምል ነው። ሰው በሌለው በራሴ ኑሮ ለክቼ ተሳስቼ ነው የገመትኩት፤ ሰው ያለው ሰው ምን ድረስ እንደሚሄድ አላውቅም ነበር።

«ተው» አልኩ። ነገሬን ትቻለሁ አልኩ።

ቄሱ መጽሐፉን ወደ ደረታቸው መለሱ። የእድሩ ዳኛ ተቆጡ። ሰው አስለፍተህ፥ ካህን አስቁመህ፥ ምን ማለትህ ነው አሉኝ። ቀረብ ብለው፥ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «አያልነህ፥ አሁን ከተውክ ውሸታሙ አንተ ነህ ማለት ነው። አገር የሚያወራው ይህን ነው። ይህን ታውቃለህ?»

አውቃለሁ አልኩ።

ጌ. እጁን እንዳነሣ ቀርቷል። ብርቄ ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጠችለት። ለማድረግ ሲሞክር የግራውን በቀኝ አስገባ።

ለእሱ ብዬ አይደለም። ይህን በግልጽ እጽፋለሁ። ለእሱ ብዬ አይደለም።

ረቡዕ፥ ታኅሣሥ ፲፬፥ ማታ

ቀሪው ዋጋ ብቻ ነው። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ አልኩ። ከዚህ በላይ የለኝም፤ ያለኝም ይኸው ነው። ጌ. የእቁብ እጣ ወጥቶለት ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አለ። አለቀ። ደረጀ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። እስከ ገና እንድቆይ ፈቀደልኝ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና ጠየቀኝ፦ እናቴ በእውነት ብላ ነበር ወይ?

ብላለች ብዬ ብነግረው ምን ይጠቅመዋል? ጌ. ውሸታም ይሆናል፥ እሱም የእናቱን ቃል የሸጠ ይሆናል። አላልኩም። አላለችም ደግሞ አልልም። የውሃውን ጉድጓድ ክዳን አሳየሁት።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሁለት ሰዎች ሲያዩኝ ወሬ አቋረጡ። ኖራ ሻጩ ዛሬ ገንዘብ በቅድሚያ ጠየቀኝ። ሃያ ዓመት በቃሌ ሰጥቶኝ ያውቃል።

ተሰማ መልእክት ይዞ መጣ። ጌ. የጓሮዋን ክፍል ያለ ኪራይ እሰጠዋለሁ፥ ዕድሜ ልኩን ይኑርባት ብሏል። ተሰማ ይህን ሲነግረኝ እንኳ አልቀለደም። አይሆንም በለው አልኩ። «ጋሼ፥ ይህንን እንኳ ራስዎ ቢነግሯቸው?» አለ። አይሆንም በለው አልኩ። ሄደ። መልሴን በአጥሩ ቀዳዳ ሲያደርስ ሰማሁ። ከዚያ ከማዶ የጌ. ሳል መጣ።

ረቡዕ፥ ታኅሣሥ ፳፰፥ የገና ዋዜማ፥ ከቀኑ ፲ ሰ.

ከአጣና ተራ በታች አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አስጻፍኩ። አስፈረምኩ። መስኮቷ ወደ ምዕራብ ነው። ጋሪው ነገ ሊመጣ ነበር፥ ነገ በዓል ነው፥ ስለዚህ ዛሬ።

ዕቃው ሁሉ ግማሽ ጋሪ አልሞላም። ለካ ከግድግዳውና ከጉድጓዱ በቀር ብዙ አልነበረኝም።

ለጉድጓዱ አዲስ ገመድ ገዝቼ አሰርኩ። አሮጌው ይበጠሳል፤ የምትስበው ብርቄ ናት።

ገመዱን ስቋጥር ጌ. ከኋላዬ ቆመ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። «አያልነህ» አለኝ። ከኅዳር ወዲህ ስሜን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። ጎምበስ እንዳልኩ ቀረሁ። «ያን ቀን፥ እኔ፥ አሜን ያልኩት...» ብሎ ጀመረ።

አላስጨረስኩትም። በመጋቢት ውሃው ሁለት ክንድ ይወርዳል፥ አትደንግጥ፥ ከታች አለት አለ፥ አታስቆፍር አልኩት። ክዳኑን ሕፃን እንዳይከፍተው ድንጋይ ጫንበት አልኩት። ሌላ አላልኩም። እሺ አለ። እሺ፥ እሺ አለ። ቆመ። የማወርሰው ለማን እንደሆነ ጠይቆኝ አልነበረም? ይኸው።

ጋሪ ነጂው እየጠራኝ ነው። ፈረሱ አይቆምለትም። ቱንቢው ኪሴ ውስጥ ነው። ግንዱ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ።

እንግዲህ ደብተር፥ ስማ። አሜኑን ማን እንዳለ፥ ማን እንደዋሸ፥ ለምን እንዳስቆምኩት ከእንግዲህ ለማንም አልናገርም። ሽማግሌ ቢጠይቀኝ፥ ቄስ ቢጠይቀኝ፥ እሱ ራሱ ቢመጣ። ላንተም ጭምር አልናገርም። በሌላ ገጽ ላይ አትጠብቀው።

አልማልኩም። አልኩ እንጂ።